ጉልበቱን ስፈራ ጎማው አስተማረኝ

168 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ብስክሌት በገዛሁ በአምስተኛው ቀን ወደቅኩ። ፍጥነቴ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

መንገድ ላይ እንኳን አልወጣሁም። ግቢ ውስጥ አዙሬ ፊቱን ወደ በሩ ላደርገው ነበር። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ቀስ እያልኩ ስዞር ድመት ከግድግዳው ሥር ብልጭ አለች። ጣቶቼ ሳላዛቸው የፊቱን ፍሬን ጨመደዱት። የፊት ጎማው እንደተጣመመ ድንገት ቆመ። 240 ኪሎ የሚጠጋው ሞተር ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። በእግሬ ልደግፈው ሞከርኩ። እግሬ መሬት ረግጧል፣ ጭኔ ተወጥሯል፤ ሚዛኑ አንዴ ካለፈ ግን የሚመልሰው የለም። ወደቀ ከማለት አስተኛሁት ማለት ይቀላል። ድመቷ አጥር ላይ ወጥታ ታየኛለች።

ሰው ስለዚህ ሞተር ሲጠይቀኝ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ስንት ይሄዳል?» «አያስፈራም?» እኔም ከመግዛቴ በፊት የምጨነቀው በዚሁ ነበር። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ቪዲዮ እያየሁ «ይሄ ነገር ይገድለኝ ይሆን?» እል ነበር። ዛሬ፣ ከአንድ ዓመት ተኩልና ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ጉልበቱ ከፈራሁት በላይ ጨዋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ላብ ያስወጡኝ ያልፈራኋቸው ነገሮች ናቸው። ወፍራሙ የኋላ ጎማ፣ በዝግታ መዞር፣ ሌላ ሰው ለራሱ አስተካክሎ የተወው ሞላ። ለመግዛት የምታስቡ ወይም ገዝታችሁ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚከብደኝ?» የምትሉ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ሞተሩ የጣሊያኑ ፋብሪካ ዱካቲ የሠራው ዲያቬል ቪ4 ነው። የገዛሁት ያገለገለ ነው፤ 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት የነዳሁት ባለ ሁለት ሲሊንደር 650 ሲሲ ሞተር ነበር። ጸባየኛ፣ የማያስቸግር፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አሰልቺ።

ይህ ሞተር የሚመደብበት፣ ስፖርት ክሩዘር የሚባለው ዓይነት አዲስ ፈጠራ አይደለም። ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ተዝናንተው የሚሄዱበት ሞተር ነው። ስፖርት ሞተር ደግሞ አጎንብሰው ኩርባ የሚያሳድዱበት። ሁለቱን ማዳቀል የተጀመረው ቆየት ብሎ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1985 ቪማክስን ሲያወጣ 1,198 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደርና 145 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነበር። ቪ-ቡስት የሚሉት ብልሃት ነበረው። ኢንጂኑ በደቂቃ ከ6 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር የጎረቤት ሲሊንደሮችን መሳቢያ የሚያገናኝ በር ይከፈትና እያንዳንዱ ሲሊንደር ከሁለት ካርቡሬተር ይጠጣል። ዛሬም ድረስ ሰው በፍቅር የሚያወራለት ለዚህ ነው። በሌላው ጫፍ የትራያምፍ ሮኬት 3 አለ፤ ሦስት ሲሊንደር፣ 2,458 ሲሲ፣ ከመኪና ኢንጂን የሚስተካከል። የዱካቲው መንገድ ለየት ይላል። የመጀመሪያው ዲያቬል እ.ኤ.አ. በ2010 ሚላን ላይ ሲታይ ከክሩዘርነቱ ይልቅ ስፖርቱ ያመዝን ነበር። ስሙ ፋብሪካው ባለበት በቦሎኛ አካባቢ ቋንቋ «ሰይጣን» ማለት ነው። እናቴ ይህን አታውቅም፤ እንዳትነግሩብኝ።

የኔው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ኢንጂኑ 1,158 ሲሲ ነው። 168ቱ የፈረስ ጉልበት የሚገኘው በ10,750 ዙር፣ 126 ኒውተን ሜትር የሆነው የመጠምዘዝ ኃይሉ ደግሞ በ7,500 ዙር ነው። ክብደቱ ያለ ነዳጅ 223 ኪሎ። ሰልባትዮው 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 15 ኪሎ ገደማ ይጨመርበታል። የኋላ ጎማው ስፋት 240 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱ 120።

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ እኔ የጉልበቱን 168 አይቼ የጎማውን 240 አላየሁም።

መጀመሪያ የተቀመጥኩበት ቀን ግን ምንም አልጠረጠርኩም። ወንበሩ ከመሬት 790 ሚሊ ሜትር ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ስለሆነ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ነኩ። መሪው ሰፊ ነው፣ ክንድ ከፈት ብሎ ያርፋል። እግር የሚያርፈው እንደ አሜሪካኖቹ ክሩዘር ወደ ፊት ተዘርግቶ ሳይሆን መሃል ላይ፣ ከጉልበት ሥር ነው። ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው። መንገዱ ሲጎረብጥ በእግሬ ትንሽ ተነስቼ ጀርባዬን አተርፋለሁ። እግር ወደ ፊት ከተዘረጋ ግን ጉድጓዱን የሚቀበለው ወገብ ነው።

እንግዲህ ስለ ጉልበቱ። ሞተሩ የጉልበቱን ልክ የሚወስኑ፣ ሞድ የሚባሉ የአነዳድ ምርጫዎች አሉት። አንድ ወር ሙሉ የነዳሁት ኧርባን በሚባለው ሞድ ነው። በዚህና ለዝናብ በተሠራው ሞድ ጉልበቱ ወደ 115 ይወርዳል። ስፖርትና ቱሪንግ ላይ 168ቱም አለ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «አንበሳ ገዝተህ እንደ ድመት ታሳድጋለህ?» አለኝ አንዱ። ይሳቅ። 115 ራሱ ከድሮው ሞተሬ በእጥፍ የሚጠጋ ነው። ያች ወር ባትኖር ኖሮ የእጄን ልክ አላውቅም ነበር። ለእናንተም የምመክረው ይህንን ነው። ሞዱን ለዝናብ ብቻ አትተዉት፤ ትምህርት ቤት አድርጉት።

ስፖርት ሞድን የሞከርኩት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሩቅ የሚታይ ባዶ ቀጥታ መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ 4 ሺህ ዙር። ነዳጁን ግማሽ ድረስ ከፈትኩት። መጀመሪያ የጠበቅኩት ግፊያ አልመጣም። ደስ የሚል፣ እየበረታ የሚሄድ ስበት ነበር። «ይሄ ነው እንዴ?» አልኩ በልቤ። ቀሪውን ግማሽ ጨመርኩለት። 7 ሺህ ዙር ሲያልፍ ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጩኸት ተለወጠ። የፊቱ ጎማ ቅልል ሲል በመዳፌ ተሰማኝ። አንገቴ ወደ ኋላ ተሳበ። ወንበሩ ከኋላ ከፍ ብሎ ባይይዘኝ የምንሸራተት መሰለኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ለመቁጠር እንኳን ጊዜ አልነበረም። እጄን መልሼ ሰሌዳውን ሳየው ከተፈቀደው ፍጥነት ብዙ አልፌያለሁ።

ያስደነገጠኝ ስበቱ አልነበረም። ሳላውቀው መፍጠኔ ነው።

በድሮው ሞተሬ 120 ላይ ኢንጂኑ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ስፖኪዮው ይደበዝዛል፣ ሁሉም ነገር «በቃህ» ይለኛል። ይሄኛው 120 ላይ የተኛ ነው የሚመስለው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ነው። 140 ሲሆን ወደ 39 ሜትር ይጠጋል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሁን ኩርባ ከመግባቴ በፊት ሰሌዳውን አንድ ጊዜ የማየት ልማድ አበጅቻለሁ። ጆሮዬን አላምነውም። ቀጥታ መንገድ ላይ ደግሞ ክሩዝ ኮንትሮሉን ሕጉ በሚፈቅደው ፍጥነት ላይ አስሬ እረሳዋለሁ። የመንጃ ፈቃዴን ያተረፈልኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ጉልበቱ እንዲህ ጨዋ የሆነበት ምክንያት አለው። ኤሌክትሮኒክሱ አንዱ ነው። ጎማ ሲንሸራተትና የፊቱ ሲነሳ እየለካ ጉልበት ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላኛው ነው። የአብዛኛው ሞተር ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የኢንጂኑ ዘንግ፣ የሚሽከረከረው ጎማዎቹ በሚሽከረከሩበት አቅጣጫ ነው። በዚህኛው ተገልብጦ ይዞራል። ሲፈጥን የፊቱን ጎማ የማንሳት ፍላጎቱ ይቀንሳል። ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ የሚፈጥሩትን አልታዘዝም ባይነትም በከፊል ያጠፋዋል። ያ ክራንክ ባይኖር ኖሮ ወፍራሙ ጎማ ከዚህም በላይ ይከብደኝ ነበር።

ወደ ጎማው እንምጣ። ብዙ መማር ያለብኝ እዚህ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሽቅብ የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነኝ። ኩርባው ወደ ቀኝ ነው፣ ጠበቅ ያለ፣ በቀኜ የድንጋይ ግድግዳ። ፍጥነቴ 45 ገደማ። በ650ው ዓይኔን ጨፍኜ የማልፈው ዓይነት ኩርባ ነው። ትከሻዬን ወደ ቀኝ ዝቅ አደረግሁ፣ ሞተሩ ትንሽ ተጋደለ፣ ከዚያ ቆመ። መጋደሉን አቆመ ማለቴ ነው። ኩርባው እየጠበበ ነው፣ እኔ ግን ሰፊ እየሄድኩ ነው። መሃል መስመሩ ወደ እኔ ሲመጣ ይታየኛል። ነዳጅ ቀነስኩ። ሞተሩ ይባስ ቀና አለ። መስመሩን በግማሽ ጎማ አልፌ ተመለስኩ። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አለመኖሩ እድል ነው፤ ችሎታ አልልም።

ጥግ ይዤ አቆምኩና ሄልሜቴን አወለቅኩ። ሞተሩ ተበላሽቷል ብዬ አምኜ ነበር።

አልተበላሸም። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ጎማ ሲጋደል መሬት የሚነካበት ቦታ ብዙም አይሸሽም። ወፍራም ጎማ ሲጋደል ግን የሚነካው ቦታ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ያ ሽሽት ሞተሩን መልሶ ቀና የማድረግ ጉልበት አለው። ስለዚህ ያንኑ ኩርባ በዚያው ፍጥነት ለማለፍ ሞተሩን የበለጠ ማጋደል ግድ ይላል። ምሳሌ ላምጣ። ራዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ኩርባ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ብትገቡ፣ ጎማው እንደ ቢላ ስለት ቀጭን ቢሆን ኖሮ የሚበቃው 32 ዲግሪ ነበር። ጎማው በወፈረ ቁጥር በዚያ ላይ ዲግሪዎች ይጨመራሉ። እኔ ደግሞ በድሮው ልክ አጋድዬ የምጠብቀው የድሮውን ኩርባ ነው። ሞተሩ ምንም አላጠፋም፤ ሒሳቡ ተቀይሮ ነው።

መፍትሔው ትከሻ አይደለም። መሪ መግፋት ነው። ወደ ቀኝ መዞር ስፈልግ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት እገፋለሁ። ለማያውቅ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ብስክሌትም ቢሆን ግን የሚሠራው እንዲሁ ነው፣ ሳናውቀው እናደርገዋለን እንጂ። በቀላል ሞተር አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ መተው ይበቃል። በዚህኛው ገፍቶ፣ ገፍቶ ይዞ መቆየት ነው፤ ኩርባው እስኪያልቅ። መዳፉ ላይ የማያቋርጥ ለስላሳ ጫና አለ። ይህን ከተቀበላችሁት በኋላ ነገሩ ደስ ይላል። ሰፊው መሪ የተሰጠው ለዚሁ ይመስለኛል፤ ረጅም ዘንግ ሲገፉት አይከብድም።

ሁለተኛው ስህተቴ መሃል ላይ ነዳጅ መቀነሴ ነበር። ነዳጅ በድንገት ሲዘጋ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የተጋደለውም ይረበሻል። አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ፍጥነቴን ከኩርባው በፊት ጨርሼ አወርዳለሁ። አንድ ማርሽ ዝቅ እላለሁ። ስገባ ነዳጁን የእንቁላል ቅርፊት እንደያዘ ሰው በስሱ ከፍቼ እቆያለሁ። ዓይኔ መውጫው ላይ ነው። ግድግዳውን ካየሁት ወደ ግድግዳው ነው የምሄደው። የተጻፈው የመጋደል ወሰኑ 43 ዲግሪ ነው። ያን ቀን ግማሹን እንኳን አልተጠቀምኩም ብዬ እገምታለሁ። ቦታ ነበረኝ፤ የጎደለኝ ድፍረት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ጎማ ንፋስና ወደ ሞላ የሄድኩት። ቀድሜ ማድረግ ነበረብኝ።

የሸጠልኝ ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ ቅር አላለኝም። ግን ከእኔ በ30 ኪሎ ይበልጣል። ብዙ ጊዜም ሁለት ሆነው ነበር የሚሄዱት። የኋላውን ሞላ ለራሱ አጥብቆታል። የፊቱ ጎማ ንፋስ ደግሞ ከመመሪያው ወደ ግማሽ ባር ይጎድላል። ንፋስ የጎደለው የፊት ጎማ መሪን ያከብዳል። የጠበቀ የኋላ ሞላ ደግሞ በየጉድጓዱ ከወንበር ያስነሳል። እኔ ይህን ሁሉ «የዚህ ሞተር ጸባይ» ብዬ ተቀብዬው ነበር እኮ!

ልኬቱ ቀላል ነው፤ ሜትርና አንድ ጓደኛ ይበቃል። መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ላይ አንስታችሁ የኋላ ጎማው እንዲንጠለጠል አድርጉ። ከጎማው መሃል እስከ ጅራቱ አንድ ነጥብ ድረስ ለኩ። ከዚያ ሄልሜትና ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ተቀመጡበት፣ ጓደኛችሁ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ሞላው በእናንተ ክብደት ምን ያህል እንደሚጎነበስ ይነግራችኋል። ከጠቅላላው የሞላ ጉዞ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ለመንገድ ጥሩ ነው። የዚህ ሞተር የኋላ ጉዞ 145 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ36 እስከ 48 ማለት ነው። የኔ ስንት ነበር? 22። አላልቼው 41 ሲሆን ሌላ ሞተር የገዛሁ መሰለኝ። ገንዘብ አልወጣም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የፈጀው። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ሌላውን ሁሉ ከማማረራችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን አድርጉ፤ ንፋስ፣ ከዚያ ሞላ።

ጎማው ራሱ እንዴት እንዳለቀም እዩ። በቀጥታ መንገድ ብቻ የተነዳ ወፍራም ጎማ መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ ጎማ ሲጋደል መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ጠርዙን አልፎ ድንገት ይወድቃል። ኩርባ ውስጥ ደስ የሚል ስሜት አይደለም። በአስፋልቱ ላይ ጎማ የቆፈረው ቦይ ካለም ወፍራሙ ጎማ ይከተለዋል። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ። ትንሽ ይወዛወዝ፣ ይመለሳል።

ስለ ፍሬኑ ብዙ አልልም፤ በጣም ጥሩ ነው። ከፊት ሁለት ባለ 330 ሚሊ ሜትር ዲስኮች፣ ብሬምቦ የሚባለው ድርጅት የሠራው ፍሬን። በሁለት ጣት ይበቃል። ሞተሩ ረጅም ስለሆነ፣ ከጎማ ጎማ 1,593 ሚሊ ሜትር ነው፣ በኃይል ሲይዙት አፍንጫውን ብዙ አይደፋም። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤሱም ሞተሩ ሲጋደል ያውቃል። ነገር ግን ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር፣ መሪ እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ፣ የፊት ፍሬን ከተያዘ አያድንም። ድመቷ ምስክሬ ናት።

በዝግታ ስትዞሩ የፊቱን ፍሬን እርሱት። ጣታችሁን ከላዩ አንሱ፣ ፈተና ውስጥ እንዳይከታችሁ። የኋላውን ፍሬን በስሱ እንደረገጣችሁ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ያዙ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጡት። ኢንጂኑ ይጎትታል፣ ፍሬኑ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ሞተሩ ገመድ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዓይን ደግሞ ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ሄዳችሁ መድረስ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ባዶ ሜዳ ላይ አራት ድንጋይ አስቀምጬ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ለመዞር ዘጠኝ እርምጃ ስፋት ይፈጅብኝ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰባት ሆነ። ከሰባት አልወረድኩም፤ ረጅም ሞተር ነውና ከዚያ በላይ አልጨቃጨቀውም።

ከወደቀባችሁስ? መጀመሪያ ኢንጂኑን በቀይዋ ማጥፊያ አጥፉ። እንደኔ ወደ ቀኝ ከወደቀ ከማንሳታችሁ በፊት የጎን ማቆሚያውን አውጡ፤ አለዚያ አንስታችሁት በግራ በኩል ትጥሉታላችሁ። ወደ ግራ ከሆነ ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ እንዳይንከባለል። ከዚያ ጀርባችሁን ለወንበሩ ሰጥታችሁ ቁጢጥ በሉ። በአንድ እጅ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው ጠንካራ የአካል ክፍሉን ያዙ። በወገብ ሳይሆን በእግር እየገፋችሁ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ ፊት ለፊት እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ላነሳው ሞክሬ ለሦስት ቀን ወገቤን ይዤ ዞርኩ። የሞተሩ ጉዳት የመሪው ጫፍና የፍሬን እጀታዋ ብቻ ነበር።

ሙቀቱን የሚጠይቁኝም አሉ። አራት ሲሊንደር ከጭን ሥር እየነደደ ብርድ መጠበቅ አይቻልም። ለዚህ የተሠራው ዘዴ ግን ያስደስተኛል። መብራት ላይ ስቆም የኋላዎቹ ሁለት ሲሊንደሮች ይጠፋሉ። ለወንበሩ የሚቀርቡት እነሱ ናቸውና ሙቀቱ ይቀንሳል። በዝቅተኛ ዙር ቀስ ብሎ ሲሄድም እንዲሁ ያደርጋል። ድምፁ ያሳብቃል። የአራቱ ጉርምርምታ ድንገት ወደ ሁለት ሲሊንደር «ዱግ-ዱግ» ይወርዳል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሻማ የሞተ መስሎኝ መካኒክ ልደውል ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነዳጅ ስሰጠው አራቱም ያለ አንዳች መንገጫገጭ ተመለሱ። ቢሆንም በሞቃት ቀን መኪና ተሰልፎ በቆመበት መሃል ግማሽ ሰዓት ከቆያችሁ ጭናችሁ ያውቀዋል። ስስ ሱሪ አትልበሱ።

ነፋሱ የዚህ ዓይነት ሞተር ሁሉ እጣ ነው። ፊት ለፊት መከለያ የለም። እስከ 110 ይጥማል። 130 ላይ ደረት እንደ ሸራ ይነፋል፣ አንገት ይደክማል። ረጅም መንገድ ካላችሁ በየሰዓቱ ውረዱ። ነዳጁም ያስገድዳችኋል። እኔ ከ250 ኪሎ ሜትር በኋላ ማደያ መፈለግ እጀምራለሁ። ሁለተኛ ሰው ለመጫን የምታስቡ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ያን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ከኋላ ተቀምጦ ይሞክረው። የስፖርት ክሩዘር ውበት ያረፈው አጭሩ ጅራት ላይ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው። ባለቤቴ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተሳፍራለች። አራተኛውን እየጠየቅኩ ነው።

ጥገናው ከፈራሁት ቀሎኛል። ዘይት በየ15 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ወይም በሁለት ዓመት፣ የቀደመው። ቫልቭ የሚታየው በ60 ሺህ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የድሮዎቹን የዚህ ፋብሪካ ኢንጂኖች የሚያውቁ ሰዎች ስነግራቸው አያምኑኝም። ወጪው ያለው ጎማ ላይ ነው። 240 ስፋት የሚሠሩት ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ቦታ አይገኝም። እኔ የኋላውን በ6 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምጨርሰው፤ እጄ ከባድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎማው ሲሶ ሲቀረው ማፈላለግ እጀምራለሁ። አልቆ ካለቀ በኋላ ከጀመራችሁ ሞተሩ ግቢ ቆሞ ትመለከቱታላችሁ።

ለማን ይሆናል? ገና ለጀማሪ አይሆንም፤ ይህን ለመከራከር እንኳን አልፈልግም። ጠባብ መንገድ ላይ ከመኪና መሃል እየተሽሎከለኩ ሥራ ለሚገቡም አልመክረውም፤ ስፋቱና ክብደቱ ያስመርራል። ጥቂት ዓመት ነድቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት መውጣት የሚወድ፣ ለመማር የማያፍር ሰው ከሆናችሁ ግን ሂዱ ሞክሩት። ስትሞክሩት ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ አትንዱት። ቀጥታ ላይ ሁሉም ሞተር ቆንጆ ነው። ሻጩን ለምናችሁ አንድ ጠባብ ኩርባና አንድ ባዶ ሜዳ አካትቱበት። ሜዳው ላይ በቀኝም በግራም ሙሉ ክብ ዙሩ። ለአብዛኛው ሰው የሚከብደው የቀኙ ነው፤ ነዳጁም የፊት ፍሬኑም በዚያ እጅ ስለሆነ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን የኋላ ጎማ አስቀየርኩ። አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል፤ መቶ ኪሎ ሜትር እስኪሄድ ማጋደል አይወደድም። ትናንት ማታ ሰሌዳውን ሳየው 80 ነበር። ያቺ የድንጋይ ግድግዳ ያለችበት ኩርባ ከዚህ 35 ኪሎ ሜትር ናት። ስደርስ መቶው ይሞላል።